የጫጩቶቹ መብራት

የፀጉር ሠሪዋ የጫጩት ቤት ከተቃጠለ ወዲህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን በሰፈሩ ውስጥ ሰላምታ የነሳው ሰው አልነበረም። እሱን የከበደውም ይኸው ነበር። ቢያኮርፉት፣ ቢሰድቡት፣ ወይም አንዱ መንገድ ላይ አስቁሞ «ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራኸው?» ቢለው አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። እነሱ ግን እንደ ድሮው «ሽቦ፣ እንዴት ዋልክ?» ይሉታል፤ ሽቦ የሚሉት ለሥራውም ለቅጥነቱም ነው። እሱም «ደህና» ይልና ያልፋል። ያቺን «ደህና» ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ለራሱ እየደጋገመ ይሄዳል።

እሳቱ የተነሣው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ከቤቷ ጀርባ በተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጫጩት ታሳድግ ነበር። ከላይ የሚያሞቃቸው ቀይ አምፖል ወደቀ፤ ከሥር የተነጠፈው ሰጋቱራ ደረቅ ነው፤ የቀረው አፍታም አልፈጀ። እናቷ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ስለነበር ተረፉ። እሷ ግን ጫጩቶቹ ያሉበትን ካርቶን ልታወጣ ቀኝ እጇን ሰደደች፤ የቀለጠ ፕላስቲክ እጇ ላይ ተጣበቀ። ካርቶኑም አልወጣም። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሁለት ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀሩ። በጣቷ ለምታድር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

«አምፖሉ ወደቀ» አለ ሰው ሁሉ፤ ዝናቡ ዘነበ እንደሚል። አምፖል በራሱ ጊዜ እንደማይወድቅ ያወቀ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ ነበር። በማግስቱ ማንም ሳያየው አመዱ መሀል ገብቶ ቀና ሲል፣ ሚስማሩን በከሰለው ማገር ላይ እንደተመታ አገኘው። አልተነቀለም፤ አልጎበጠም። ከሚስማሩ ላይ የተንሸራተተው ገመዱ ነው።

በሰፈሩ ጫጩት ማሳደግ የጀመረ ሁሉ መብራት የሚያሰቅለው እሱን ነበር። እሱም አምፖሉን የሚያንጠለጥለው በራሱ በኤሌክትሪክ ገመዱ ነው፤ ገመዱን ሚስማር ላይ ጠምጥሞ። ጫጩት ላባ እያወጣ ሲሄድ የሚፈልገው ሙቀት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ አምፖሉ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። «ምን ችግር አለው፣» ይላቸው ነበር፣ «አንድ ዙር ትጠመጥሙታላችሁ፤ በቃ!» ሰዎቹ ወደዱለት። እሱም ለራሱ ወደደው፤ ቅለቱ ብልሃት መሰለው። ገመዱ ሲጠመጠምና ሲፈታ፣ በላዩም ሙቀት ሲመታው እየለሰለሰ እንደሚሄድ፣ የመብራት ገመድ መብራት እንዲያስተላልፍ እንጂ ዕቃ እንዲሸከም እንዳልተሠራ፣ ይህን ያህል ዓመት በሙያው ኖሮ አላሰበውም። አሁን ያ ገመድ በየቤቱ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ሰጋቱራ፣ ከሰጋቱራው አጠገብ ሰው የተኛበት ግድግዳ።

ብዙ ቀን ሲያመነታ ከቆየ በኋላ፣ ደመና ባጠላበት አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ሰንሰለት ትከሻው ላይ ጣለና፣ አምፖል፣ ገመድ፣ ቡሎንና የሽቦ ቅርጫት የሞላ ከረጢት ይዞ ወጣ። ሁለት ቤት ጨርሶ ጎሚስታው ጋ ደረሰ። ጎሚስታው የተነፈሰ ጎማ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ ቀና ብሎ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰንሰለት? አምፖል ነው የምትሰቅለው በሬ?»

«በሬም ቢሆን የሚችል ነው።»

«ተው እንጂ! የኔ ደህና ነው። ስንቴ ከፍ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም።»

«የሷም ወድቆ አያውቅም ነበር» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው።

ጎሚስታው የጀመረውን ሳቅ ዋጠው። እጁን በጨርቅ ጠረገና «ግባ በል» አለ።

ጫጩቶቹ ከሱቁ ጓሮ በምትገኝ ጠባብ ክፍል፣ ክብ ተደርጎ በጣውላ በተከለለ ቦታ ነበሩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መብራቱን አጥፍቶ አወረደ። በማገሩ ላይ ጫፋቸው ቀለበት የሆነ ሁለት ቡሎኖች አጠበቀና ከየቀለበቱ አንድ አንድ ሰንሰለት ለቀቀ። አምፖሉን በሽቦ ቅርጫት ከልሎ ቅርጫቱን ከሁለቱ ሰንሰለቶች አሰረ፤ ምናልባት ቢወድቅ እንኳ የጋለው መስታወት ሰጋቱራውን እንዳይነካ። ገመዱን ግን ልል አድርጎ ጎን ለጎን አሳለፈው፤ ምንም እንዳይሸከም።

«ለምን ሁለት ሰንሰለት?» አለ ጎሚስታው።

«አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል።»

«እንደ ተጠባባቂ ጎማ በለኛ!» ጎሚስታው ሊቀልድ ሞከረና አልሆንለት አለ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷ ጋ ሄደሃል?»

«ማን ጋ?»

«አሁን ማን ጋ ይለኛል! ፀጉር ሠሪዋ ጋ ነዋ። ጫጩት እንደገና አስገብታለች እኮ። ምን ታድርግ? ደንበኞቿ በታጠፈ ጣት ማን ይሠራናል ብለው ሄዱ። አሁን ተስፋዋ ጫጩቶቹ ናቸው።»

«መብራቱን ማን ሰቀለላት?»

«መብራት! ስሙንም አታንሱብኝ ብላለች። በከሰል ነው የምታሞቃቸው። እናቷ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አድርጋቸው፣ ማንደጃውን አጠገባቸው፣ መስኮቱን በላስቲክ ለጥፋ። ቤቱ እንዴት ይሞቃል መሰለህ አሉ! ሚስቴ ትናንት ልትጠይቃቸው ገብታ ራሷን አሟት ተመለሰች። የአሮጊቷ ወሬ ነው ያዞረኝ እያለች ስትስቅ አመሸች።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጅ ፒንሳውን እንደያዘ ቀረ።

«ጭስ አለው እንዴ?»

«ኧረ የለውም። ደህና አድርጎ የተቀጣጠለ ፍም ነው።»

ጭስ ቢኖረውማ ዓይናቸውን ያቃጥላቸው፣ ያስላቸው፣ በሩን ይከፍቱ ነበር። የተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ፍም ግን ሰውን ሳያስነጥሰው ነው የሚወስደው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰንሰለቱንና ከረጢቱን ሰብስቦ ትከሻው ላይ መለሰና ጎሚስታውን ደህና ዋል እንኳ ሳይለው ወጣ።

መንገዱን በሩጫ አይሉት በእርምጃ ጨረሰው። በእሳቱ ቀን በዚሁ መንገድ ባልዲ ይዞ ሮጧል፤ ያን ጊዜ ግን ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

የፀጉር ሠሪዋ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ፊት ለፊቱ ፀጉር ቤት፣ ከጎኑ መኝታ ቤት። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ ከሥሩ ነፋስ እንዳይገባ ጨርቅ ተወትፎበታል። አንኳኳ። ቆይታ፣ ፊቷ ብቻ በሚታይበት ልክ ከፈተችው። በሙቀቱ ፊቷ ቀልቷል። ሰንሰለቱን አየች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ቤት ለቤት እየዞርክ ነው አሉ። የኔን ቤት ዝለለው።»

«ለመብራቱ አይደለም የመጣሁት፣ እቴ። ማንደጃውን አውጪው።»

«ማንደጃው መሬት ላይ ነው የተቀመጠው» አለች። «ቢያንስ አይወድቅም።»

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«ሽቦ ነው፣ እማዬ።»

«ያ ያቃጠለን?»

«አዎ፣ እሱ።»

«ታዲያ ምን የቀረ ነገር አለ ብሎ መጣ?» አሉ አሮጊቷ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር የጠየቁ ይመስላሉ። «ዝጊው በሩን፣ ብርዱ ገባ። ደግሞ ውሃ ስጪኝ እስቲ። ዛሬ ምን ነክቶኝ ነው፣ ጣሪያው ይዞርብኛል።»

«እርጅና ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ ወደ ኋላዋ፤ ለእናቷ ይሁን ለራሷ አይታወቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ እሱ።

«ምን አገባህ?»

«አንቺስ? ራስሽን አያምሽም?»

ጤነኛ እጇ ሳታስበው ወደ ግንባሯ ወጣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ያቺን ቅጽበት አየና በሩን በትከሻው ገፋው። በሰው ቤት ሳይፈቀድለት ሲገባ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ኮቱን አውልቆ በማንደጃው ጆሮዎች ላይ ጠቀለለና ፍሙን ይዞት ወጣ፤ ደጅ ከግድግዳው ርቆ ባዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ተመልሶ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ በአንድ ስቦ ቀደደው። ቀዝቃዛው አየር ቤቱን ሞላው።

«እብድ ነህ እንዴ!» ጮኸች። «መጀመሪያ በእሳት፣ አሁን ደግሞ በብርድ ልትጨርሳቸው ነው?»

«እማማን ወደ በሩ እናምጣቸው። መጀመሪያ እሳቸውን።»

ልትመታው እጇን አንሥታ ነበር። ነገር ግን እናቷ ከአልጋው ጠርዝ ሊነሡ ሲሞክሩ ጉልበታቸው ሲከዳቸው አየች፤ ያነሣችው እጅ እናቷን ደገፈ። ሁለቱ በሁለት ብብታቸው ይዘው በሩ ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና ብርድ ልብስ ደረቡላቸው። አሮጊቷ አየሩን ደጋግመው ሳቡ። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸው ጠራ።

«ምነው ከቶ፣» አሉ፣ «ከጉድጓድ የወጣሁ መሰለኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ እናቷን አየች፤ ባዶውን የማንደጃ ቦታ አየች፤ ከዚያ ጫጩቶቹን። በጣውላ ሳጥናቸው ውስጥ ለማንደጃው በቀረበው በኩል አንዲት ጫጩት በጎኗ ተኝታለች። መስኮቱ በመከፈቱ ወይም በብርዱ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት የሞተች ናት፤ ደርቃለች። ጎንበስ ብላ አነሣቻትና መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። የገደላት ፍሙ እንደሆነ ገባት። አላለቀሰችም። ጫጩቷን በወረቀት ጠቀለለችና መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረቻት።

ሌሎቹ ብርዱ ሲነካቸው አንድ ማዕዘን ውስጥ ተከምረው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ይንጫጫሉ።

«እንዲህ ሲከመሩ ከታች ያሉት ታፍነው ነው የሚያልቁት» አለ እሱ። «ፀጉር የምታጥቢበት ሙቅ ውሃ አለሽ?»

«አለኝ» አለችው። ሥራ ሲሆን ቶሎ ትግባባ ነበር። ባዶ የሻምፖ ጠርሙሶች ሰበሰበች፤ ሙቅ ውሃ ሞልታ ክዳናቸውን አጥብቃ፣ በፎጣ በፎጣ ጠቀለለቻቸው። ጫጩቶቹ መሀል ስታስቀምጣቸው እየተንጫጩ መጥተው ተጠጉ፤ ጩኸቱም ቀስ በቀስ ወረደ። እሱ የሳጥኑን አራት ማዕዘን በታጠፈ ካርቶን ሸፍኖ ክብ አደረገው፤ የሚከመሩበት ጥግ እንዳያገኙ።

«እኔስ በፀጉር ማድረቂያው በካስኩ አሙቂያቸው ብያት ነበር» አሉ እናቷ ከበሩ። «ደንበኛ እንደሆነ የለ፣ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ተቆጣችኝ።»

ማንም አልሳቀም፤ ግን የቤቱ ጭንቀት በመጠኑ ላላ።

«ይሄ ውሃ እስከ መቼ ያቆያቸዋል?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«እየቀዘቀዘ ሲሄድ መቀየር ነው። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደህና ነው።»

«እቀይራለሁ።»

«ሌሊቱንስ?»

«እቀይራለሁ አልኩህ።»

«ስንት ሌሊት?»

ላባ እስኪያወጡ ሳምንታት እንዳሉ እሷም ታውቃለች። ሰንሰለቱና ከረጢቱ እሱ ሲገባ ከጣላቸው ከደፉ አጠገብ ወድቀዋል፤ ሊያነሣቸው አልሞከረም። እሷ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ሰንሰለቱን እንጂ እሱን አይደለም።

«ንገረኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ እሠራዋለሁ። አንተ አትነካውም።»

«እሺ።»

«አትነካውም ብያለሁ።»

«እሺ አልኩሽ።»

እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆመ። ዕቃውን ከከረጢቱ አወጣችና በርጩማ ላይ ወጥታ ማገሩን በሚስማር ነደለችው፤ ቀለበት ያለውን ቡሎን አስገብታ ማጥበቅ ስትጀምር ግን የታጠፉት ጣቶቿ አልዘጉላት አሉ። ግራዋ ደግሞ ጉልበት አነሳት። ቡሎኑ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። እሱ እጆቹን ይበልጥ ጨበጣቸው፤ ያቺን ቡሎን ለማጥበቅ ለእሱ የዓይን ጥቅሻ ያህል አይፈጅበትም። አንድ ጊዜ ሳያውቀው ወደፊት ተራመደ።

«ቁም» አለችው ዞር ሳትል።

ቆመ። ከበርጩማው ወርዳ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባችና ጭራዋ ብረት የሆነች ማበጠሪያ ይዛ ተመለሰች፤ ፀጉር የምትከፍልባትን። ጭራዋን በቡሎኑ ቀለበት ውስጥ አሾለከቻትና እንደ መዘውር አዞረቻት። ቡሎኑ እየተንቋቋ እስከ አንገቱ ገባ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ላብ ከጆሮ ግንዷ ሥር ወረደ።

«ሰንሰለቶቹን አሁን። ተራርቀው ይውረዱ፤ የአምፖሉን ቅርጫት በሁለት በኩል እንዲይዙት።»

«ገመዱስ?»

«ገመዱ ምንም አይሸከም። ልል አድርገሽ በጎን አሳልፊው።»

እሷ ገመዱን እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች፤ አሁንም ወደ እሱ ሳትዞር ጠየቀችው።

«ታውቅ ነበር?»

ብዙ መልስ ነበረው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሰቅለው ማለት ይችል ነበር። የጠመጠምሽው አንቺ ነሽ ማለትም ይቻል ነበር፤ በእነዚህ ቀናት ሌሊት ሌሊት ይህ ሐሳብ መጥቶበት ያውቃል፤ በመጣ ቁጥርም በራሱ አፍሯል።

«አላውቅም ነበር» አለ። «ማወቅ ግን ነበረብኝ። ሥራዬ ነው።»

ገመዱን በጎን አሳለፈችው።

«አምፖሉ ከጫጩቶቹ ከፍ ይበል፤ አንድ ክንድ ያህል» አለ። «በሳጥኑ በአንድ በኩል ብቻ ይሁን፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቀዝቃዛ ጥግ ያስፈልጋቸዋል። ሲሞቅ እጅሽን በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ አድርጊውና ያዢው። ካቃጠለሽ ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት አሳጥሪው።»

ሰንሰለቶቹን አስተካከለች። ከበርጩማው ወረደች። የመብራቱን መሰኪያ ያዘችና ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ፊት ቆመች። ፀጉር ቤቱ ሞልቶ በሚውልበት ዘመን ካስኩን ስትሰካ ስትነቅል የዋለችበት ሶኬት ነው። መሰኪያውን ወደፊት አስጠጋች፤ መለሰችው፤ እንደገና አስጠጋች።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጆቹን ከኋላው እንዳጣመረ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እኔ ላብራው አትሉኝም እንዴ?» አሉ አሮጊቷ። «የኔ ጣት እንኳ ደህና ነው። ስጪኝ፣ ልጄ።»

«አይ፣ እማዬ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ዓይኗን ጨፈነችና ሰካችው።

ቀዩ ብርሃን ሳጥኑ ላይ ወረደ። አምፖሉ መጀመሪያ ትንሽ ተወዛወዘ፤ ሁለቱ ሰንሰለቶች በሁለት በኩል ያዙትና ረጋ። እሷ ተንበረከከች። ቀኝ እጇን ከአምፖሉ ሥር አደረገች፤ ያን የተቃጠለውን። ጠበቀች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። እጇን መለሰችና ግራዋን ተካች።

«ይሄኛው ሙቀቱን አይነግረኝም» አለች፤ ቀኟን እያሳየች፣ ልክ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ መሬት አየ። ያን ሁሉ ቀን ይጠብቀው የነበረ ስድብ እንዲህ ባለ ድምፅ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ስድብም አልነበረም።

«ያቃጥላል?» አለ እንደ ምንም።

«ለብ ይላል። ደህና ነው።»

ጫጩቶቹ መጀመሪያ ከፎጣዎቹ አልተላቀቁም። ቆይቶ አንዷ ወጣች፤ ብርሃኑ ሥር ገብታ ክንፏን ዘረጋች። ሌሎቹ ተከተሏት። ሁሉም አምፖሉ ሥር ተጨናነቁ፤ ፀጉር ሠሪዋ ትንፋሿን ያዘች።

«ገና ብርዱ ስላልወጣላቸው ነው» አለ እሱ። «ከበረዳቸው እንደዚህ ይሰበሰባሉ። ከሞቃቸው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው አፋቸውን ይከፍታሉ። ልክ ሲሆን ታውቂዋለሽ፤ አይጮኹም።»

ጠበቁ። አሮጊቷ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ቀስ በቀስ ክምሩ ላላ። አንዳንዶቹ ወደ መጠጫቸው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ሰጋቱራውን ይጭሩ ጀመር። አንዲት ከሁሉም ተለይታ፣ ለብርሃኑም ለጥላውም እኩል በሆነ ቦታ እግሯን ዘርግታ ተኛች። ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ ጥቂት ለስላሳ ጭውጭውታ ብቻ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ወንበር ስባ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዛሬ ከዚያ እንደማትነሣ ያስታውቃል፤ አምፖሉን እንጂ ጫጩቶቹን አልነበረም የምታየው።

«ሂድ አሁን» አለችው። «ሌላም ቤት አለ።»

«እሺ።»

«የቧንቧዋ ሴትዮ ግቢ መጀመሪያ ሂድ። የእሷ ሰጋቱራ ከሁሉም ይደርቃል።»

«ውሃ የምትሸጠዋ?»

«አዎ። እኔ ልኬህ ነው በላት፤ አለዚያ አታስገባህም።»

የተረፈውን ሰንሰለትና ከረጢቱን ሰብስቦ ወጣ። ደጅ ያስቀመጠው ማንደጃ ነፋስ ሲነካው እንደገና ደምቆ ቀልቷል፤ ብልጭታዎች ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ ይበራሉ። እንዲህ ጥሎት የሚሄድበት ነገር አልነበረም። ኮቱን ለበሰ፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ዐፈር ዘገነና ፍሙ ላይ በተነ፤ ሌላም ዘገነ። ፍሙ አልጠፋም፤ ከሥር ከሥሩ ይቀላል። ቆሞ ጠበቀው።

ከቆመበት በተከፈተው በር በኩል ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው ሴት፣ ቀይ ብርሃን ያረፈባት፣ ትታየዋለች። እሷም አንድ ጊዜ ቀና ብላ ወደ ደጅ አየች፤ አለመሄዱን አየች። ሂድ ያለችውን አልደገመችም። ፊቷን ወደ ሳጥኑ መለሰች፤ እሱም ፍሙ አመድ እስኪሆን ድረስ ከዚያው ቆመ።